የጋሽ በቀለ ማኅተም

ሰው ማስረጃ የሚበዛለት ከሞተ በኋላ ነው ልበል? በቁሙማ ማን ያምነዋል! ሦስት ሺህ ዓመት አፈር ለብሶ ከተኛ ግን ምሁሩ ሁሉ በብሩሽ አቧራውን እያራገፈ «እዚህ ኖሯል!» ብሎ ይመሰክርለታል። እናንተ እስቲ ነገ ጠዋት አንድ መስኮት ፊት ቆማችሁ «እዚሁ ነው የምኖረው» በሉና ታዩታላችሁ።

ጋሽ በቀለ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ከልጃቸው ከሳሮን ጋር የሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የእሁድ ትምህርት የሚሰጡ ሽማግሌ ናቸው። ሰሞኑን የያዙት ርዕስ አይሁድ በጥንት አገራቸው ስለመኖራቸው የተገኘ የቁፋሮ ማስረጃ ነው። እጀታው ላይ «የንጉሡ» የሚል የታተመበት የእንስራ ገል በፎቶ አሳዩን። የዕብራይስጥ ጽሕፈት ያለበት ሳንቲምም አሳዩን። የሚሳሱት ግን ኢየሩሳሌም ለተገኘችው፣ ጥፍር ለምታክል የጭቃ ማኅተም ነው። ደብዳቤ የታሸገባት ናት። ከተማዪቱ ስትቃጠል ደብዳቤው ዐመድ ሆነ፣ ጭቃዋ ግን እሳቱ አጠንክሯት ቀረች። ላይዋ ላይ «የእገሌ ልጅ እገሌ» ይላል።

«አያችሁ? ስምና የአባት ስም! ልክ እንደኛ!» ሲሉ የእሳቸውን ዘመድ ቆፍረው ያገኙ ነው የሚመስሉት።

ታዲያ እንዲህ የሚወዱት የአባት ስም ቤታቸው ውስጥ አደጋ ላይ ነበር። ሳሮን ዘንድሮ አግብታ፣ በባሏ ስም ለመጠራት ፎርም ሞልታለች። ጋሽ በቀለ ስለ ፎርሙ ትንፍሽ አላሉም። እኔ ግን ዝምታቸውን አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም መንጃ ፈቃዳቸው ጊዜው ካለፈ ወዲህ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከማሪዬታ እየመጣሁ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። የአትላንታን ትራፊክ የምታውቁ እዘኑልኝ።

አንድ ማክሰኞ አዲስ መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት የመኖሪያ ማስረጃ ጠየቀች፤ ሦስት ወረቀት ሰጧት። በአንዱ በቀለ በሁለት «ኤል» ተጽፏል። በሌላው ስማቸው ከአባታቸው ስም ጋር ቦታ ተለዋውጧል። ሦስተኛው ጭራሽ በስማቸው ፋንታ አያታቸውን ጽፎ ሊልበርን አስገብቷቸዋል።

«ይሄ ሦስት ሰው ነው» አለች።

ጋሽ በቀለ ስልካቸውን አውጥተው የጭቃዋን ማኅተም አሳዩአት። የአባት ስም ከነቢያት ዘመን ጀምሮ እንዴት እንደሚሠራ በሰፊው ማስረዳት ጀመሩ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ሴትዮዋ ፎቶውን ደህና አድርጋ አየችው። «ደስ ይላል። ግን እኚህም ሰውዬ ቢመጡ ሁለት ወረቀት እጠይቃቸዋለሁ» አለች። ቀጥላም፣ ቤቱ በስሙ የሆነ ዘመድ ካለ መጥቶ አብረውት እንደሚኖሩ ይፈርም አለችን።

ቤቱ በስሟ ለሆነው ለሳሮን ደወልኩላት፤ ከሆስፒታል የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ከተፍ አለች። «ዳዲ፣ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? አይ ሚን፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ!» እያለች መታወቂያዋን አቀበለች።

ሴትዮዋ መታወቂያውን አየች። የጋሽ በቀለን ወረቀት አየች። ከዚያ ወደ ስልኩ አመለከተችና «እንደዚያ ጭቃ ማለት ነው? የበቀለ ልጅ ሳሮን?» አለች።

ጋሽ በቀለ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኩን ከነማኅተሟ ወደ ሳሮን አዞሩላት።  ሳሮን አባቷን አየት አድርጋ ፈረመች።

መንጃ ፈቃዱ ተገኘ፣ እኔም ከሹፍርና ተገላገልኩ። ስለ ፎርሙ መጠየቅ ግን ፈራሁ።

በቀጣዩ እሁድ ጋሽ በቀለ እንደልማዳቸው ገሉን፣ ሳንቲሙን፣ ማኅተሟን በስክሪኑ ላይ አሳዩ። ከማኅተሟ ቀጥሎ አንድ አዲስ ማስረጃ ብቅ አለ፤ አድራሻው የተሸፈነ፣ «ሳሮን በቀለ» የሚለው ግን በጉልህ የሚነበብ የሳሮን መታወቂያ።

«ዳዲ፣ ፕሊስ!» ብላ ጮኸች ሳሮን ከኋላ። «ፎቶዬ እኮ ያስጠላል!»

«ስሜ ሊቀየር ነው» ግን አላለችም።