አንቱ የተባለው ትራስ

(ማርጊላን ከተማ፤ የጨርቅ ነጋዴው የሳይፊዲን ሳሎን። ሴት ልጁ ሆሲያት ልትዳር ነው። ዛሬ የሙሽራው አያት የሙሽሪትን እቃ ለማየት ትመጣለች። መጋረጃው፣ ፍራሹ፣ ትራሱ፣ የማዕዱ ጨርቅ፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቀይና ቢጫ ሮማን ታትሟል። የሚስቱ ወንድም ኢርገሽ ማንቆርቆሪያ ይዞ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መጋረጃው ፊት ጎንበስ ብሏል።)

ሳይፊዲን፦ አሁን መጋረጃውን ነው ሰላም ያልከው?

ኢርገሽ፦ መጋረጃ መሆኑን በምን አውቄ?

ሳይፊዲን፦ መስኮት ላይ ተሰቅሏላ።

ኢርገሽ፦ እህቴም ጠዋት ይኼንኑ ጨርቅ ለብሳ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። መጋረጃ መስላኝ ገለጥ ላደርጋት ስል በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቆርጫለሁ፤ እዚህ ቤት ያለውን ሁሉ ሰላም እላለሁ። ያለፍኩት ምድጃውን ብቻ ነው፣ እሱ አልለበሰም።

(ጥግ ላይ ወዳለው የፍራሽና የትራስ ቁልል ዞሮ ጎንበስ ይላል።)

ኢርገሽ፦ እንዴት አደሩ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ልጆች ደህና ናቸው?

ሳይፊዲን፦ ለትራስ አንቱ?

ኢርገሽ፦ ትራስ ከሆነ ምን እጎዳለሁ? ሰው ከሆነ ደግሞ ተረፍኩ።

ሳይፊዲን፦ እኔን አንተ እያልከኝ?

ኢርገሽ፦ አንተንማ አውቅሃለሁ፣ ሳይፊዲን አካ፣ ታላቅ ወንድሜ።

ሳይፊዲን፦ አለማወቅ ደጉ። በዚህ ገበያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጨርቅ የነደፈ ሰው ጥራልኝ እስቲ። እኔ ብቻ ነኝ። ስልኬን ከፈትኩ፣ የምፈልገውን ጻፍኩ፣ ሻይ ሳልጨርስ ሥዕሉ መጣ።

ኢርገሽ፦ ምን ብለህ ጻፍክለት?

ሳይፊዲን፦ "ሮማን ሣልልኝ፣ ለጨርቅ የሚሆን፣ መጋጠሚያው የማይታይ።" መጀመሪያ ጥርስ ያለው ሮማን ላከልኝ።

ኢርገሽ፦ ሮማን ሲሰነጠቅ ጥርስ ይመስላል እኮ።

ሳይፊዲን፦ ይኼኛው የወርቅ ጥርስ ነበረው።

ኢርገሽ፦ እናትህን ያውቃቸዋል ማለት ነው።

ሳይፊዲን፦ ቀጥሎ የዓይን ሽፋሽፍት ያለው ላከ። ተቆጣሁት። በሦስተኛው ይኸው፣ ይኼን የመሰለ ነገር ወለደልኝ። ቁም ነገሩ መጋጠሚያው ላይ ነው፣ ገባህ? የሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ ከግራው ይገጥማል፣ የላዩ ከታቹ ይገጥማል። አንዱን ሥዕል ጎን ለጎን ስትደረድረው የት እንደጀመረ፣ የት እንዳለቀ አይታወቅም።

ኢርገሽ፦ እኔም ሞክሬዋለሁ።

ሳይፊዲን፦ አንተ?

ኢርገሽ፦ ላም ሣልልኝ አልኩት፣ መጋጠሚያዋ የማይታይ። የላሟ ጭራ የሌላዋ ላም አፍ ውስጥ ገባ፣ የዚያችኛዋም ጭራ ከወዲያኛዋ አፍ። አንድ መንጋ ሙሉ ሆኑ። እስካሁን የትኛዋን እንደማልብ አላወቅኩም።

ሳይፊዲን፦ ሥዕል አይታለብም።

ኢርገሽ፦ እሱንማ ባልዲ ይዤ ሳልነሳ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር። ለመሆኑ ይኼ ሮማን የት ጋ ነው የሚቆመው?

ሳይፊዲን፦ አይቆምም። ነገርኩህ እኮ፣ መጨረሻ የለውም።

ኢርገሽ፦ ለዚህ ነዋ እስከ ማንቆርቆሪያው የደረሰው።

ሳይፊዲን፦ ጥቅሉ ተረፈ፣ ታዲያ ምን ላድርገው? ለማንቆርቆሪያውም ልብስ አሰፋሁለት። ሆሲያት ከዚሁ የተሰፋ ቀሚሷን ለብሳ ፍራሹ ላይ አረፍ ብትል እናቷ ያገኘቻት ስልኳ ላይ ደውላ ነው። ጥራቱ እዚህ ድረስ ነው።

ኢርገሽ፦ ጥራቱስ ጥሩ። ግን አካ፣ አንዳንዱን ነገር በሌላ ቀለም ብታደርገው ምን ነበረበት?

ሳይፊዲን፦ ከዚያች እማማ፣ ከኦይሻ ቡቪ የተነሳ ነዋ። የሙሽራው አያት ስንት የታጨች ልጅ እንደመለሰች ታውቃለህ? ትመጣለች፣ ፍራሽ ትገለብጣለች፣ ስፌቱ ጋ አበባው ከአበባው አልገጠመም እንደሆነ፣ "የእናትየዋ እጅ ጠማማ ነው፣ የልጅቷም ልብ አይቃናም" ብላ ጫማዋን አጥልቃ ትሄዳለች። የናማንጋን ከተማዋን ሙሽራ ያስቀረቻት ለግማሽ አበባ ነው። የኔዋ ደግሞ ልጁን ወዳዋለች። ይኸው ከሰሞኑ ሾርባ እንኳን አልወርድ ብሏታል። ቡቪ ዛሬ ከዚህ ቤት ፊቷን አዙራ ከሄደች ልጄ ምን ትሆናለች?

ኢርገሽ፦ (ለቁልሉ ሻይ በግማሽ ሲኒ ቀድቶ በሁለት እጁ ያስቀምጣል።) ያው እንግዲህ ሰምተዋል።

ሳይፊዲን፦ ለትራሱ ግማሽ ሲኒ?

ኢርገሽ፦ ለክቡር እንግዳ ግማሽ ነው እንጂ። ቶሎ ቶሎ እየተቀዳላቸው እንዲቆዩ።

ሳይፊዲን፦ ለእኔ ጠዋት ሞልተህ ነው የሰጠኸኝ። ጠጥተህ ሂድልኝ ማለትህ ነበር?

ኢርገሽ፦ ሥራ ነበረብህ ብዬ ነው።

ሳይፊዲን፦ ዘቢቡንስ ማን ጨረሰው?

ኢርገሽ፦ ትራሱ።

ሳይፊዲን፦ ሆዳም። ለእንግዳዋ ያስቀመጥኩትን በልተህ በትራስ ታሳብባለህ።

ኢርገሽ፦ አካ፣ ቅድም በሩን ስከፍት ጨርቅ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ሳይፊዲን፦ ነፋስ ነው።

ኢርገሽ፦ ነፋሱ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው።

ሳይፊዲን፦ የእህትህ ጫማ ይሆናል።

ኢርገሽ፦ ነፋሱ አስሏል።

ሳይፊዲን፦ የዚህ አገር ነፋስ የጥጥ ብናኝ ይዞ ነው የሚዞረው፣ እንዴት አያስለው።

ኢርገሽ፦ ይሁን። ለቡቪ ስጦታ የላክንላቸው ጨርቅስ? እሱም ሮማን ነው?

ሳይፊዲን፦ እሱ እኮ ነው ብልሃቱ። ከዚሁ ጥቅል ለቀሚሷም ለሻርፗም የሚሆን ቆርጬ ላክሁላት። ያንን ለብሳ ከመጣች ምኑን ታማዋለች? ገና አፏን ስትከፍት የራሷን ቀሚስ መስደብ ይሆንባታል።

ኢርገሽ፦ ለብሰውት ቢመጡ በምን እንለያቸዋለን?

ሳይፊዲን፦ በምን ትላለህ? ፊቷ እኮ የከረመ ኮክ ነው፣ ተጨማዶ የደረቀ። ዓይኗ በመርፌ ቀዳዳ ግመል ያስገባል። ምላሷ ደግሞ እሷ ሳትመጣ ቀድሞ በሩን ያንኳኳል።

ኢርገሽ፦ (ወደ ቁልሉ ዝቅ ብሎ) አይስሙት፣ ልቡ ጥሩ ነው።

ሳይፊዲን፦ ተው እሱን፤ ይልቅ ና፣ ስፌት ፈልግ። (የቁልሉን ጨርቅ ይጎትታል።) ይኸው ፍራሽ፣ ይኸው ትራስ፣ ይኸው... ይኼኛው ጎብጧል። ጥጡ ተጓጉሎ ነው።

(በመዳፉ ደጋግሞ ይመታዋል።)

ኢርገሽ፦ አካ፣ አትምታቸው።

ሳይፊዲን፦ ጥጥ ካልመቱት አይነፋም። ምን ከተውበት ነው፣ አጥንት አለው እኮ። ቆይ፣ ልቀመጥበትና በክብደቴ ላስተካክለው።

(ጀርባውን ሰጥቶ ሊቀመጥ ዝቅ ይላል።)

ቁልሉ፦ እዚህ ሰው አለ።

(ሳይፊዲን እንዳጎነበሰ ይቀራል።)

ሳይፊዲን፦ ኢርገሽ፣ ድምፅህን ምን አቀጠነው?

ኢርገሽ፦ እኔ አልተናገርኩም።

(ከሮማኖቹ መሐል ባዶ ሲኒ የያዘ እጅ ብቅ ይላል።)

ኦይሻ ቡቪ፦ የኔ ልጅ፣ እስቲ ጨምርልኝ። ዘቢቡም አልቋል።

ኢርገሽ፦ እሺ፣ ቡቪ። (በግማሽ ይቀዳል።)

ሳይፊዲን፦ ቡቪ... ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያሉት?

ኦይሻ ቡቪ፦ ከመጋረጃው ሰላምታ በፊት።

ሳይፊዲን፦ ያ ያልኩት እኮ ስለ ሌላ ኦይሻ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት አለች።

ኦይሻ ቡቪ፦ እሷም የናማንጋን ሙሽራ መልሳለች?

(ማንቆርቆሪያው ይንጠባጠባል።)

ኦይሻ ቡቪ፦ ከገባሁ ጀምሮ ስፌት ስፈልግ ነበር። ፍራሹን ዳበስኩ፣ ትራሱን ዳበስኩ። ሦስተኛውን ስዳብስ ለካ የገዛ ጉልበቴ ነው። አላገኘሁም። ጨርቅህ ስፌት የለውም፣ አፍህም የለውም።

ሳይፊዲን፦ ልጄ ግን ቡቪ... ልጄ ምን አደረገች?

ኢርገሽ፦ እሷ ሮማኑንም አልሣለችም፣ ቡቪ። በእሷ አይፍረዱ።

ኦይሻ ቡቪ፦ ልጅቷን እወስዳለሁ። ለትራስ አንቱ የሚል አጎት እያየች ያደገች ልጅ አማቷን አታዋርድም። ግን በሠርጉ ቀን በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው ይኼ ልጅ ነው። አንተ ከነስልክህ ጓዳ ትቀመጣለህ።

(ብድግ ትላለች። ሁለት እርምጃ ትራመድና መጋረጃው ጋ ስትደርስ ከዓይን ትጠፋለች። ኢርገሽ አንድ ሲኒ እስከ አፉ ሞልቶ ለሳይፊዲን ያቀብለዋል።)

ሳይፊዲን፦ ሞልተህ?

ኢርገሽ፦ ጓዳ ብለዋላ።

(ሳይፊዲን ሲኒውን አስቀምጦ በጉልበቱ ይወድቃል። እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል።)

ሳይፊዲን፦ ቡቪ፣ እናቴ፣ እግርዎ ሥር ነኝ። የከረመው ኮክ እኔ ነኝ። ዓይንዎ የተባረከ፣ ምላስዎ ማር ነው። የመታሁዎትንም ለጤናዎ ነው ብለው ይያዙልኝ። ምነው ዝም አሉኝ? አንድ ቃል ይበሉኝ እንጂ።

ኢርገሽ፦ አካ፣ ቡቪ በር ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ነው። ይኼ ትራስ ነው።

(ሳይፊዲን ከተንበረከከበት አይነሳም።)

ኢርገሽ፦ ግድ የለም፣ እኔም አንቱ ማለት የጀመርኩት በትራስ ነው።