ቋጥኝ የሚወጣ ርካሽ ጎማ ፍለጋ

በቀደም ለታ ጎማ ነከስሁ። አዎ፣ ጎማ። በቀሩኝ ጥርሶች። ምን ያስደነግጣችኋል? ቲማቲም ስትገዙ ጫን ጫን አድርጋችሁ አይደል የምትገዙ? ሐብሐብስ አንኳኩታችሁ አይደል? ጎማም እንደዚያው ነው። ጣት ይዋሻል፣ ጥርስ ግን አይዋሽም። በተለይ የእኔ ጥርሶች። ውሸታሞቹ ቀድመው ረግፈው ያለቁ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ራሔል እዚሁ ባሕር ዳር ስልክ ትጠግናለች። እኩዮቿ ባል ሲያማርጡ እሷ ብሎን ታማርጣለች። አንድ ቀን ክንድ የምታህል መኪና ይዛ መጣች፣ በሪሞት የምትነዳ።

«እስቲ አስሩጫት» አልኋት።

«እምዬ፣ ይች አትሮጥም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣች?»

«ቋጥኝ ትወጣለች። ቀስ ብላ።»

ቀስ ብሎ ቋጥኝ ለመውጣትማ ፍየል አትገዢም ነበር? ፍየል ቢያንስ ትወልዳለች። ባትሪዋም ቅጠል ነው። ይህን ብላት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። እሺ፣ አንድ ቀን ነው። ግን ሦስት ቀን ሲባል ያምራል።

ለካስ እንደ እሷ ያበዱ ብዙ ናቸው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር፣ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ብቅ ከሚለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ይሰበሰባሉ። ይህን የሚያህል ትልቅ ሰው ሪሞት ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንዲት ጎማ ከአንዲት ድንጋይ ጋር ስትታገል ያያል። ከድንጋዮቹ ትልቁን «ኃላፊው» ብለው ስም አውጥተውለታል። ለምን ቢሉ፣ ሁሉም ከሥሩ ይመላለሳል እንጂ ወደ ላይ ደርሶ ፊቱን ያየ የለም። አንድ ሰው ብቻ ደርሷል። እሱም ከድር ነው።

ከድር የዘይነባ የልጅ ልጅ ነው። ዘይነባ ደግሞ ጎረቤቴ ናት። ከወረታ የመጡ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። አርባ ዓመት አጥር ተጋርተናል። ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙን ተከራክረናል፣ አንዱን ዓመት እሷ ወረታ ነበረች። ዓይኔን ቢያመኝ ግን ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት። ደርሳም «ድሮም ዓይንሽ ደግ አያይም» ትለኛለች።

ከድር ክፉ ልጅ አይደለም። ኩራቱ ነው እንጂ! የመኪናውን ጎማዎች ከውጭ አገር በሰው እጅ ነው ያስመጣቸው። እንደ ጆሮ ጫፍ የሚለሰልሱ። አንድ ቀን ከዘይነባ ደጅ የራሔልን ጎማ አየና «በዚህ ርካሽ ጎማ ኃላፊውን? የእግረኛ መንገድ ጠርዝም አትወጭበት» አላት።

ራሔልስ የማን ዘር ናት? «ርካሽ ጎማ መምረጥ ላወቀበት ይወጣል» አለች።

አይወጣም፣ ይወጣል፣ ተያያዙ። ሊወራረዱ ሲሉ ዘይነባ «ውርርድ ሐራም ነው! ከደጄ አይታሰብም!» ብላ ጮኸች። ስለዚህ ምን ተደረገ? የተረታው እስከ ፋሲካ ድረስ እሑድ እሑድ የረታውን ዕቃ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ሲጠራም እሱ ከሆነ «አቤት እመቤቴ»፣ እሷ ከሆነች «አቤት ጌታዬ» ይላል። ይህስ ውርርድ አይደለም ወይ ብላት፣ ዘይነባ «ይህ አደብ ማስገዣ ነው» አለችኝ። እሷው ናት ይህን ያመጣችው።

እንግዲህ አስቡት። የእኔ ራሔል፣ ለአባቷ እንኳ ሁለት ጊዜ ተጠርታ የማትመጣ ልጅ፣ ባትሪ ተሸክማ ከከድር ኋላ «አቤት ጌታዬ» ስትል! ዘይነባ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ስትስቅ! ይህን ከማይ ዓይኔ ይጥፋ።

ጎማ ልንመርጥ ገበያ ወጣን። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ርካሽ አቀረበ። የመጀመሪያው ጥርሱ ትልልቅ ነው፣ ጀግና ይመስላል። «ይህን ውሰጂ፣ ድንጋዩ ራሱ ይፈራዋል» አልኋት። ራሔል በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ድርቅ። «እምዬ፣ ድንጋይ የሚይዝ ጎማ ሲጫኑት መታጠፍ አለበት። ይህ ለፎቶ ነው» አለችኝ። ሁለተኛው ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ከውስጡ ግን ስፖንጁ የለም። እነዚህ ጎማዎች ነፋስ አይሞሉም፣ የሚይዛቸው ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ከሌለው መኪናዋ ዘንበል ስትል ጎማው ከጎኑ ይተኛል። ሦስተኛው መካከለኛ ነው፣ ጥርሱ ቀጭን ቀጭን፣ ስፖንጅም አለው። ራሔል ስታመነታ ጊዜ አፌ ከተትሁት። ነከስሁት። ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ግን መለስ ይላል። ጎማም አማችም ሲጫኑት መለስ ማለት አለበት። ባለሱቁ አፌን አፌን እያየ «እማማ፣ ከዋጡት አይመለስም» አለኝ።

ጎማ እኮ ለእኔ አዲስ አይደለም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን በረባሶ ነው ያደረገው፣ ከከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠውን። ጫማው ከመንገዱ ቀድሞ አያልቅም። ግን ደረቅ ነው! አንድ ጊዜ ለንግሥ ዘጌ ሄድን። ከታንኳው ወርዶ እርጥቡን ድንጋይ ሲረግጥ በረባሶው ጥሎት ሄደ። ሊወድቅ ሲል የአንድ ቄስ ጃንጥላ ያዘ። ቄሱ ደግሞ ጃንጥላቸውን አይለቁም። ሁለቱም ጣና ገቡ። አይተናል የሚሉ ሰዎች ውኃው እስከ ጉልበት ነበር ይላሉ። እኔ ስናገረው እስከ አንገት ነው። ቄሱም ባለቤቴን ቀና ብለው አይተው «ልጄ፣ አንተ ተጠምቀህ አልነበረም ወይ?» አሉት። ደረቅ ጎማ ምን እንደሚያደርግ ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

ዓርብ ለታ ራሔል ጎማዎቹን ገጥማ ጓሮ ካለው ድንጋይ ላይ ሞከረቻቸው። ግማሽ ወጡና ተንሸራተቱ። ደግማ ሞከረች፣ ተንሸራተቱ። «ነክሰው አልያዝ አሉ» አለችና ራት ሳትበላ ተኛች። እኔ አንጀቴ ተቃጠለ። ቅዳሜ እሷ ሥራ ስትሄድ መኪናዋን ጭኔ ላይ አድርጌ አሰብሁ። ደረቅ የቆዳ ጠፍር በምን ይለሰልሳል? አባቴ አገራችን ሰባታሚት ሳለን የበሬውን ጠፍር በምን ነበር የሚያለሰልሰው? በቅቤ! ቅቤ ደግሞ በቤቴ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ዐቢይ ጾም ነዋ! ለፋሲካ ያነጠርሁት፣ ኮሰረቱም ኮረሪማውም የገባ።

አራቱንም ጎማ እንደ ሕፃን እሽት እሽት አድርጌ ቀባሁ። ፀሐይ አሞቅኋቸው። ጨመርሁላቸው። በጨርቅ ወለወልሁና ካስቀመጠችበት መለስሁ። አቤት ሲያምሩ! እንደ ሙሽራ ጠጉር ያብረቀርቃሉ። ማታ ራሔል በጣቷ ጫን አድርጋ «ለሰለሱ ልበል?» አለች። «ፀሐዩ ነው» አልሁ። «ቤቱ ደግሞ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።» «ጾም ሲረዝም አፍንጫም ያምረዋል» አልኋት።

እሑድ ደረሰ። ጣና ዳር ሰው ሞልቷል። ዘይነባም ነጠላዋን ተከናንባ፣ የምትቀመጥበትን ድንጋይ መርጣ ከፊት ተሰይማለች። ራሔል ሦስት ጊዜ ልትሞክር ተስማሙ። ሦስቱንም ካልወጣች ተረታች ማለት ነው።

የመጀመሪያው። መኪናዋ ከኃላፊው እግር ሥር ደርሳ ጎማዎቿ ዙር፣ ዙር፣ ዙር። አንዲት ጣት አልተነሣችም። የጓሮውን ያህል እንኳ መያዝ ተሳናቸው። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ቅቤ ጠፍር እንደሚያለሰልስ አውቃለሁ፣ ጠፍር ግን ድንጋይ ልውጣ ብሎ አያውቅም! ከድር «ራሔል፣ ቦርሳዬ ከበድ ይላል፣ ትከሻሽን አሟሙቂ» አላት። ሰው ሳቀ።

ሁለተኛው። እንደ ምንም እስከ ወገቡ ወጣችና ወደ ኋላ ተንሸራታ ወረደች። እንዳረፈች አንድ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ መጣና የኋላ ጎማዋን ላሰ። ላሰ ስላችሁ! ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚልስ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ራሔል ግን አልሳቀችም። ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት በገዛ እግሬ እገባ ነበር።

ዘይነባ ከድንጋይዋ ተነሣች። ውሻውን አባረረች። መኪናዋን አንሥታ አሸተተች። አሁንም አሸተተች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና ጆሮዬ ሥር «አንች ሴትዮ» አለችኝ፣ «በዐቢይ ጾም ጎማውን አስፈሰክሽው?»

አሁን ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ አለቀልን። ከድር «አጭበረበሩ» ይላል፣ ራሔል «እምዬ አጠፋችኝ» ትላለች፣ ሠፈሩ ደግሞ ጎማ ምን ያደርጋል፣ ቅቤውን በጾም የበላሁት እኔ እንደሆንሁ ነው የሚያወራው። አርባ ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ቀን መጣላት። ዘይነባ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ይች መኪና ቆሽሻለች! ሳትታጠብ አትወጣም!»

ከድር «እማ፣ አንች ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ዳኛ ሆንሽ?» አላት።

«አንተን እያጠብሁ ካሳደግሁበት ጀምሮ! ዝም በል!»

ሁለት አሮጊቶች መኪና ይዘን ወደ ውኃው ወረድን። ዘይነባ ከቦርሳዋ ሳሙና አወጣች። እሷ እንደሆነች ወደ ገነትም ቢሆን ያለ ሳሙና አትሄድ። ቅቤው በሳሙናው ብቻ አልለቅ ሲል የዳሩን ደቃቅ አሸዋ በእፍኛችን እየዘገንን የጠቆረ ድስት እንደሚፈተግ ፈተግነው። እሷ ሁለት ጎማ፣ እኔ ሁለት ጎማ። «ያንችኛው አልጠራም» ትለኛለች። «ያንችኛውን አይተሽ» እላታለሁ። እዚያም ተከራከርን።

ራሔል ከኋላችን ቆማለች። ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ። «ልጄ፣ ይለሰልስ ብዬ ቅቤ ቀብቼው ነው» አልኋት። የምትጮህ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሷ ግን መኪናዋን ተቀብላ ጎማውን ዳበሰች። ደግማ ዳበሰች።

«እምዬ፣ ላዩ ሻክሯል!»

«ጨርሼ አበላሸሁት?»

«አይደለም! አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው። ዓርብ ለታ ያንሸራተተው እሱ ነው። እኔ እንዴት ረሳሁት? አሸዋው ልጦ አንሥቶታል!»

ዘይነባ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እኔ አውቄ ነው» አለች። ውሸቷን ነው።

ሦስተኛው። መኪናዋ ኃላፊው ሥር ደረሰች። የፊት ጎማዋ ድንጋዩን ነካው፣ ታጠፈ፣ ያዘ። ቀስ። ወገቡ ላይ ስትደርስ አንዱ ጎማ አየር ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ለጣና ደሴቶች ታቦታት በሙሉ አንድ በአንድ ተሳልሁ፣ ደቅ ላይ ስደርስ የተንጠለጠለው ጎማ መልሶ ድንጋዩን ረገጠ። ቀስ። ቀስ። ወጣች! ከጫፉ ላይ ቁጭ ብላ ሐይቁን ማየት ጀመረች። ራሔል ሪሞቱን ጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እልልታውን ዘይነባ ናት የጀመረች።

ከድር የራሔልን ቦርሳ አነሣ። «ከድር!» አለች ራሔል። «አቤት...» አለና ቆመ። ዘይነባ «ጨርሰው!» አለች። «አቤት እመቤቴ» አለ ልጁ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ።

ስንመለስ ዘይነባን ለብቻዋ ያዝኋት። ለምን? የገዛ የልጅ ልጇን? ዙሪያዋን አየት አየት አደረገችና «ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው» አለችኝ። «የጠጣበትን ብርጭቆ አንሥቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ዘምቢሌን ያዝልኝ ብለው ወገቤን ያመኛል አለኝ። እኔ ፊት! ሌላ ሰው ፊት ተሸክሞ ካልለመደ ለእኔ አይሸከምም። እስከ ፋሲካ ያልሁት ሞኝ ሆኜ ነው፣ እስከ መስከረም ማለት ነበረብኝ።»

የቅቤው ነገር ግን ኅሊናዬን ቆረቆረኝና ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። በጾም ቅቤ ነክቻለሁ፣ አልበላሁም አልኋቸው። «ማን በላው ታዲያ?» አሉኝ። «ጎማ» አልሁ። መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። በመጨረሻ «ጎማው ክርስቲያን ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አለመሆኑን ሳረጋግጥላቸው «ሂጂ፣ ደኅና ዋይ» አሉኝ።

አሁን እሑድ በመጣ ቁጥር ወጣቶቹ ይከቡኛል። እማማ፣ ርካሽ ጎማ እንዴት ነው የሚመረጥ ይሉኛል። በጣት ጫን አድርጉት፣ ስፖንጁን እዩ፣ ሽፋኑን በአሸዋ አንሡ እላቸዋለሁ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን ጎማውስ የተገኘው ይሁን። እናንተ በልጅ ልጇ የተማረረች የባላንጣ አያት ፈልጉ።