ለሽምግልና የተቀባሁት ሽቶ

በሰው ሽቶ ላይ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔማ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሰው አላየሁም። የምቀባው ላቬንደር ላቬንደር የሚለውን የድሮውን የእንግሊዝ የወንድ ሽቶ ነው። ልጄ «ዳዲ፣ የሽማግሌ ሽታ ነው» ትለኛለች። ታዲያ ሽማግሌ አይደለሁ? ምን ልሽተት?

ባለፈው ቅዳሜ ለጎረቤቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሦስት ሆነን ከኢስትሙር ወደ ፒከሪንግተን ሄድን። መኪናውን የሚነዳው በቀለ በዚያ ብርድ መስኮቱን ከፈተ።

«ጋሽ ታደሰ፣ በዚህ ሽታ ልጅቷን ያስከለክሉናል!»

«ንዳ ዝም ብለህ! የምንጠይቀው አንተን አይደለም።»

እንደ ደንቡ ቆመን ጥያቄያችንን አቀረብን። የልጅቷ አባት ፊቱ አልተፈታም። ድንገት አፍንጫውን ቀና አደረገና፣

«ይህን ሽቶ የተቀባው ማነው?» አለ።

በቀለ በክርኑ ጎሸመኝ።

«እኔ ነኝ። ታጠብ ብትለኝም አልታጠብም!» አልኩት።

ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። «የኔም ሽቶ እኮ ነው! ሚስቴ ጠርሙሱን ጋራዥ አስወጥታብኝ ነው እንጂ። በሉ ተቀመጡ፣ አንተ አጠገቤ ና።»

በቀጠሮ እንኳ ሳያመላልሰን ልጅቷን ሰጠን። ሚስትየዋም እልልታዋን እያቀለጠች ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው።