የክብር ወንበርና የሰገነቴ ቢም

ቤት የሚያፈርሰው ክብር ነው! አትሳቁ... መሐንዲስ ነኝ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወጋችሁ።

ባለቤቴ እርጉዝ ናት። አማቴ «ልጄ በዚህ ምድጃ ውስጥ አትወልድም፤ አዲስ አበባ እወስዳታለሁ!» ብለው በአውሮፕላን አሰብ ከተፍ አሉ። ሚስቴን ሊወስዱብኝ! ተስፋዬ ሁሉ ራሴ ነድፌ ወደ ባሕሩ ባወጣሁት ሰገነት ላይ ነበር። ነፋሱን ሲቀምሱ ልባቸው ይራራል ብዬ።

ሰገነቱን የያዘው አንድ ቢም ነው፤ ወፍራም ብረት የተቀበረበት የኮንክሪት አግዳሚ። ከላይ ቢጫኑት ዝሆን ይችላል። ሰገነቱ ግን የተንጠለጠለው በአንድ ጎኑ ብቻ ስለሆነ፣ ጫፉ ላይ ሰው በበዛ ቁጥር ቢሙን እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዝዘዋል። ለዚህ ደግሞ ያ ሁሉ ብረት እምብዛም አያግዝም።

አመሻሹ ላይ ጎረቤት «እንኳን ደህና መጡ» ሊላቸው መጣ። በአሰብ ሙቀት የክብር ቦታ የት እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም... ነፋስ ያለበት ጫፍ! ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ «አሰላሙ ዓለይኩም!» ብለው ሲገቡ ሁሉም ብድግ።

«ኖር!»

«ኧረ በአላህ፣ ተቀመጡ!»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ዘጭ! ሐጂም ጫፍ ላይ። ቀጥሎ የከባድ መኪና ሹፌሩ ጋሽ መኮንን ገቡ፤ ሰውየው ራሳቸው ተሳቢ ያክላሉ። ብድግ... «ኖር!»... ዘጭ! እሳቸውም ጫፍ ላይ።

ወርጄ ቢሙን ባየው ጎኑ ላይ በሰያፍ የሮጠ ስንጥቅ! ተመልሼ በሩጫ ወጣሁ።

«እባካችሁ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ!»

«እንግዳ ወደ ሙቀት ይገፋል እንዴ?» ብለው ጋሽ መኮንን ጭራሽ አማቴን ወደ ጫፉ አስጠጓቸው።

ጎንበስ ብዬ ለአማቴ በጆሯቸው እውነቱን ነገርኳቸው። «እማማ፣ ቢሙ እየተጠመዘዘ ነው። እርስዎ ካልተነሱ ማንም አይነሳም።»

«ማነው የሠራው?»

«እኔ።»

ተነሥተው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ክብርም አብሯቸው ሄደ... ሰው ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ወደ ሙቀቱ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እግራቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አማቴ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ልጄ እዚሁ ትውለድ።»

ጮቤ ረገጥኩ! «ነፋሱን ወደዱት?»

«የምን ነፋስ! እውነቱን ስለነገርከኝ ልጄን አልወስድብህም። ቤትህን ስላየሁት ግን ብቻዋን አልተዋትም። ሕፃኑ ዳዴ እስኪል እዚሁ ነኝ።»

በማግሥቱ የሰገነቱን ጫፍ ከሥር በእንጨት ፑንቴሎ ደገፍኩና ቢሙን አሳረፍኩት። እንደ እኔ አማቱን ለተሸከመ አማች የሚሆን ፑንቴሎ ያያችሁ ግን እባካችሁ ወዲህ በሉኝ!