አጥንት የሚቆጥር ሰላምታ

አንባቢ ሆይ፣ ሲጨብጥዎት አጥንትዎን የሚቆጥር ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? የካርቲየ 2 ሰፈር ጎረቤቴ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ጋሽ ሙሉጌታ፣ እንዲህ ነው። የሰው እጅ ሁሉ መሪ ይመስለዋል።

ልጄ ሐና ለመመረቂያዋ የብረት እጅ ሠራች። ጣቶቹ ጫና ስለሚሰማቸው ቲማቲም ሳያፈርጡ ያነሳሉ። ጋሽ ሙሉጌታ፣ "ቲማቲም ማንሳትማ ምን አለው?" ብሎ ጨበጠው። የዓመት ልፋቷ ተሰበረ ብዬ ደነገጥኩ። የብረቱ እጅ ግን ጣቶቹን ዘርግቶ ለቀቀው።

"አሸነፍኩት" አለ።

"የለም ጋሼ፣ ጫናው ሲበዛ ሰው እንዳይጎዳ ይለቃል" አለችው።

ልክ ስለማወቅ ልመክረው ተዘጋጀሁ። አስቀድሜ ግን ልጄን፣ "ልኩን ከየት አገኘሽው?" አልኳት።

"ስትቆጣ ክንዴን የምትይዝበት አያያዝ አለ አባዬ። ከዚያ ቀነስኩለት።"

ለጋሽ ሙሉጌታ ያዘጋጀሁት ምክር እውነተኛ ባለቤቱን አገኘ።