የዘንባባው ልብ ጠባቂ

በየማኅበሩ ከሊቀመንበሩ ይልቅ የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም። የመረጠው የለም፤ ማኅተምም የለውም፤ እሱ ብቅ ሲል ግን ጥፋት የሌለበትም ሰው ኪሱን ይዳብሳል።

የእኛ የሰሌን ሠሪዎች ማኅበር የታደለው ክብርት እትዬ ልቡን-ተዉን ነው። ስሙን ያወጣላቸው የራሳቸው አፍ ነው። ዘንባባ መሀሉ ላይ ገና ያልተፈታ ለጋ ቅጠል አለው፤ "ልብ" እንለዋለን። እሱ ከተቆረጠ ዛፉ ይደርቃል። ስለዚህ በቆረጣ ሰሞን እትዬ ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ፣ "ልቡን ተዉለት! የእናንተን ቢቆርጡባችሁ ትወዳላችሁ?" ይላሉ። የገዛ ወንድማቸውን ሸክም ሦስት ጊዜ አስፈትተዋል። አንዴ ለቅሶ ቤት የተቀመጡበትን ሰሌን ገልብጠው፣ "ይሄ ከየትኛው ዛፍ ነው?" ብለው ሟቹን አስረስተውናል።

ሕጋችን አጭር ነው። ልብ የቆረጠ ዓመቱን ሙሉ ቢላዋ አይዝም፤ ችግኝ ያጠጣል። ቅጠል የሌለው ሰሌን ሠሪ ደግሞ ጦም አዳሪ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ ጉድ ፈላ። የእትዬ ዓይን ደክሟል፤ እሳቸው ግን ቢሞቱ አያምኑም። አጠገባቸው ስቆርጥ፣ ልቡን ከሌላው ቅጠል ጋር ቆርጠው ሲጥሉት አየሁ። ከእኔ በቀር ያየ የለም። አንጀቴ አልችል አለኝና አንስቼ ከራሴ ሸክም ውስጥ ሸጎጥኩት።

ሸክም ሲፈተሽ ፈታሿ ማን ናቸው? እሳቸው! ልቡን ከሸክሜ መዘው አወጡና አገር ይያዝልኝ አሉ። "ጉድ! አንተ ነህ?"

ቅጣቱን ሊናገሩ ሲሉ ግን የተቆረጠበትን በጣታቸው ዳበሱት። ድምፃቸው ወረደ።

"ይሄ የግራኝ አቆራረጥ ነው።"

ከመካከላችን ግራኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

"እትዬ፣ ይተዉት፤ እኔ ነኝ" አልኩ።

"ዝም በል! ለዛፉ ያላዘንኩ ለእኔ ይታዘንልኝ?" ቢላዋቸውን ለሊቀመንበሩ አስረከቡ። ቀጥለው በጣታቸው እያሳዩኝ፣ "ልብ የሸሸገስ? እሱም ያጠጣ!" አሉ። ተፈረደብኝ።

ይኸው ጠዋት ጠዋት ሁለታችን ችግኝ እናጠጣለን። አባላቱ ከየሸክማቸው ቀንሰው ለሰሌናችን የሚሆን ቅጠል ያመጡልናል፤ እትዬ ያንንም ይፈትሹታል። የጣሳ አያያዜን፣ አረማመዴን፣ አተነፋፈሴን ሳይቀር ይነቅፋሉ። ቤቴ ስገባ ጆሮዬ ይጮሃል፤ ሲነጋ ግን ቸኩዬ እወጣለሁ።

ትናንት ሊቀመንበሩ መጥቶ ቅጣቴ በግማሽ እንደተቀነሰልኝ አበሠረኝ። "ማን ለመነህ?" ብዬ ልጣላው ምንም አልቀረኝ።