ክብርት ፌስታል

ሐኪም በሚሠለጥንበት ሆስፒታል ሁሉ፣ ተማሪ ከሩቅ ሲያያት መንገድ የሚቀይርላት አንዲት አስተማሪ አትጠፋም። የዚህኛው ሆስፒታል አስተማሪ፣ ፊት ለፊት የሚደፍር ባይኖርም፣ ከጀርባቸው ክብርት ፌስታል ይባላሉ። ስሙን ያተረፉት ስኳርም ግፊትም ኩላሊትም የተደራረበበት ታካሚ ሁሉ፣ ቤቱ ያለውን መድኃኒት አንድ ሳያስቀር በፌስታል ይዞ እንዲመጣ ስለሚያዙ ነው። ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፉትና፣ "ይሄን ማን አዘዘው? ለምንስ አዘዘው?" ይላሉ። ለአንዲት የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ተማሪዎቻቸውን ሃያ ደቂቃ እንዳፋጠጡ ይወራል። ለልብ ስፔሻሊስቱም ደውለው፣ "ልቡን አድነሃል፤ ኩላሊቱንስ ለማን ተውከው?" ብለዋል ይባላል።

አዲሷ ሐኪም እሳቸው ሥር ከተመደበች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። በዚያ ማክሰኞ ረፋድ ኮሪደሩ ሰው በሰው ሆኗል። አሥራ ዘጠኝ ካርድ ፊቷ ተቆልሏል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን የሚያሰግግ አይጠፋም፤ እግሯም ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሏል። ከፊቷ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ስኳር፣ ግፊት፣ የደከመ ኩላሊትና የጉልበት ሕመም አለባቸው፤ በቀን አሥራ አንድ ዓይነት መድኃኒት ይውጣሉ። አሁን ደግሞ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የደንበኛ ኮት አበላሽተዋል፤ የስፌት መኪናቸውን ሊሸጡም ገዢ አነጋግረዋል። ይህን ሁሉ የተናገረችው ልጃቸው ናት፤ እሳቸው እጃቸውን ብብታቸው ሥር ደብቀው መሬት መሬት ያያሉ።

አዲሷ ሐኪም ለመንቀጥቀጥ የሚታዘዘውን ታውቃለች። አሥራ ሁለተኛ አድርጋ ጻፈችው። ብዕሯን ሳታነሳ ክብርት ፌስታል ገቡ።

"ይሄን ማን አዘዘው?"

"እኔ ነኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ነው።"

"መቼ መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?"

ይህን አልጠየቀችም። አስተማሪዋ ወንበር ስበው፣ ደጅ ወረፋው እየተንጫጫ፣ ሌላ ሥራ እንደሌለው ሰው ስለ ልብስ ሰፊው ጠዋት ይጠይቁ ጀመር። ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ኪኒናቸውን መቼ እንደሚውጡ፣ ቁርስ ምን እንደሚበሉ። ሽማግሌው ስኳር እንዳይጨምርባቸው ብለው ቁርስ ከተዉ ሰነባብተዋል። ረፋድ ላይ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸው ይርዳል፤ ምሳ ሲቀምሱ ይለቃቸዋል። ጣታቸው ተወግቶ ሲለካ፣ ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ራሳቸውን ሊያስታቸው ትንሽ ነበር የቀረው። ኩላሊታቸው ስለደከመ የስኳሩ ኪኒን ከሰውነታቸው አልወጣ ብሎ ተጠራቅሟል። አሥራ ሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ መንቀጥቀጡን ደብቆ፣ አንድ ቀን ሳያስቡት የስፌት መኪናቸው ላይ ይደፋቸው ነበር።

ስኳር የተበጠበጠ ውሃ አጠጧቸው። ክብርት ፌስታል አዲሷን ሐኪም አልተቆጧትም፤ እሱ ነው የባሰባት።

"አባባ፣ እኛ ከእርስዎ የምንፈልገው ብዙ ነው" አሉ። "እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?"

ልብስ ሰፊው እጃቸውን ከብብታቸው አወጡ። "መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት።"

ያን ቀን የስኳሩ ኪኒን ተለወጠ፤ ኩላሊት የሚጎዳው የጉልበት ማስታገሻና፣ በሁለት ስም ሁለቴ ይዋጥ ከነበረው የግፊት መድኃኒት አንዱ ተቋረጡ። አዲሷ ሐኪም ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር የልብስ ሰፊው መርዶ እየመሰላት ከረመች። በአሥራ አምስተኛው ቀን የልብስ ሰፊው ልጅ ብቻዋን መጣች። ሐኪሟ ስታያት ብዕሯን ጥላ ተነሳች። ልጅቷ ግን አባቷ ሥራ በዝቶባቸው መምጣት ስላልቻሉ ቀጠሮ ልታስለውጥ ነበር የመጣችው።

የምድቡ ጊዜ ሲያልቅ ተማሪዎች ቀጣዩን አስተማሪያቸውን የሚመርጡበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሁሉም ከክብርት ፌስታል የሚገላገሉበትን ቀን ሲቆጥሩ ስለሰነበቱ፣ አዲሷ ሐኪም እሳቸው ጋ ቦታ አይጠፋም ብላ ተረጋግታ ሄደች። በእሳቸው ስም ሥር ያሉት አምስቱም መስመሮች ሞልተዋል። የመጀመሪያው ላይ የተጻፈው፣ ከሁሉ አብልጦ በሐሜት ሲያነሳቸው የነበረው ልጅ ስም ነው።

ቢሯቸው በር ላይ ሄዳ ቆመች። "ሞልቷል እኮ" አሏት፣ ቀና ሳይሉ።

"ቆሜም ቢሆን እማራለሁ" አለች፤ ከበሩም ንቅንቅ አላለችም።

ተነስተው ወደ ወረቀቱ ሄዱና፣ ከአምስቱ ሥር ስድስተኛ አድርገው ስሟን ራሳቸው ጻፉት።